ድንበር የማያውቀው መንጋና ድንበር ተሻጋሪው ውል፦ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጎረቤት ሀገራትን እንዴት ያስተሳስራሉ?

በ2013 ዓ.ም መኸር በራያ ቆቦ፣ በሀብሩ፣ በወረባቦና በባቲ ማሳዎች ላይ ያረፈው የበረሃ አንበጣ የዘር ሐረጉ በእነዚህ ወረዳዎች አይጀምርም። ወደ ኋላ ቢቆጠር ወደ አፋር ቆላ፣ ከዚያም ወደ ሶማሊያና ወደ የመን፣ በመጨረሻም ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኦማንና የመን ወደሚጋሩት «ሩብ አል ኻሊ» ወደተባለው ሰው አልባ የአሸዋ በረሃ ያደርሳል። በግንቦት 2010 ዓ.ም «መኩኑ»፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም ደግሞ «ሉባን» የሚል ስያሜ የተሰጣቸው ሁለት አውሎ ነፋሶች በዚያ በረሃ ላይ ያልተለመደ ዝናብ አወረዱ። አሸዋው ረጠበ፤ ሣር በቀለበት። አንበጣው ማንም ሳያየው በዘጠኝ ወራት ውስጥ ሦስት ትውልድ ተራባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የወሎ አርሶ አደር በዓይኑ አይቶታል። ለአጨዳ የደረሰ ማሽላና ጤፍ በሰዓታት ውስጥ ወደ ባዶ አገዳ ተለወጠ። ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ነዋሪው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ መንጋውን ከማሳው ለማስነሣት ሞከረ። ከአንዱ ማሳ የተነሣው መንጋ ግን በጎረቤት ማሳ ላይ ማረፉ አልቀረም። በቀበሌ ደረጃ የታየው ይህ እውነታ በሀገራት መካከልም ያው ነው። አንዱ ሀገር ያልተቆጣጠረው መንጋ የጎረቤቱ ዕዳ ይሆናል። ዓለም አቀፍና አህጉራዊ ድርጅቶች በሀገራት ግንኙነት ውስጥ ያላቸውን ቦታ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

የበረሃ አንበጣ በዝናብ እጦት ወቅት በምዕራብ አፍሪካና በሕንድ መካከል በተዘረጋ፣ ስፋቱ 16 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚደርስና 30 ያህል ሀገራትን በሚያካልል ደረቅ ምድር ተበታትኖ፣ ለብቻው የሚኖር ነፍሳት ነው። በዚህ ሁኔታው ለማንም ስጋት አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ እንቁላሉን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ይጥላል፤ የተፈለፈለው ኩብኩባ ይበዛል፤ ሣሩ ሲሳሳ እርስ በርሱ ይተፋፈጋል። ያን ጊዜ ጠባዩም መልኩም ይለወጣል፤ ብቸኛው ነፍሳት መንጋ ይሆናል። የተመቸ ሁኔታ ካገኘ በሦስት ወር 20 እጥፍ፣ በስድስት ወር 400 እጥፍ፣ በዘጠኝ ወር 8 ሺህ እጥፍ ሊራባ ይችላል። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ የሚያርፍ መንጋ 40 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ አንበጣ ሊይዝ ይችላል። እያንዳንዱ በቀን የክብደቱን ያህል፣ ማለትም ሁለት ግራም ገደማ ይመገባል። ይህ ሲደመር አንድ እንዲህ ያለ መንጋ በቀን የሚበላው 35 ሺህ ሰው የሚመገበውን ያህል ነው። ነፋስ ከረዳው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ቀይ ባሕርን መሻገርም አይከብደውም። በወረርሽኝ ዘመን እስከ 60 ሀገራት ሊያዳርስ ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው ግልጽ ነው። የመራቢያው ስፍራ በአንድ ሀገር፣ መተላለፊያው በሌላ ሀገር፣ የሚበላው ሰብል ደግሞ በሦስተኛ ሀገር ሲሆን ማን ይከላከል? ወጪውንስ ማን ይክፈል?

በገጠሩ «ዓለም አቀፍ ድርጅት» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው በጆንያ የሚመጣ የእርዳታ ስንዴ ነው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕዝቡ ድርጅቶቹን የሚያውቃቸው በክፉ ቀን ነውና። ይሁን እንጂ ከስንዴው በስተጀርባ ያለው የድርጅቶቹ ሥራ ሌላ መልክ አለው። በመንግሥታት መካከል የሚቋቋም ድርጅት መነሻው ውል ነው። ሀገራት ተስማምተው ይፈርማሉ፣ መዋጮ ለመክፈል ይገባሉ፣ ጽሕፈት ቤት ያቋቁማሉ፣ በየጊዜው እየተሰበሰቡ ውሳኔ ያሳልፋሉ። ድርጅቱ የራሱ ጦር የለውም፤ ግብር አይሰበስብም፤ አባል ሀገርን በግድ የሚያስፈጽምበት ክንድም የለውም። ያለው አቅም ሦስት ነገር ነው ማለት ይቻላል፦ መረጃ ማሰባሰብና ማከፋፈል፣ የጋራ ደንብ ማውጣት፣ በሰላሙም በጠቡም ጊዜ ተቀናቃኞችን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ባይነገርለትም ከሁሉም ሳይበልጥ አይቀርም።

ከለንደን ወደ አዲስ አበባና ወደ ሮም

የአንበጣ መረጃን ከየሀገሩ ሰብስቦ በአንድ ቦታ ማጥናት የተጀመረው በቅኝ ግዛት ዘመን ነው። ለረጅም ጊዜ ማዕከሉ ለንደን ነበር። በዚያ የፀረ አንበጣ ምርምር ማዕከል ይመሩ የነበሩት በትውልድ ሩሲያዊው ሰር ቦሪስ ኡቫሮቭ፣ ለብቻው የሚኖረውና በመንጋ የሚጓዘው አንበጣ ሁለት ዓይነት ፍጥረት ሳይሆኑ አንድ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳወቁ ሳይንቲስት ናቸው። ይህ ግኝት የፖለቲካ ውጤትም ነበረው። ወረርሽኙ የሚጀምረው ከሰላማዊው ብቸኛ አንበጣ ከሆነ፣ መከላከሉም መጀመር ያለበት መንጋው ሳይነሣ በሩቁ የመራቢያ በረሃ ነው ማለት ነው። ያ በረሃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሌላ ሀገር ግዛት ነው።

ኢትዮጵያ የዚህን ዋጋ ቀድማ ካወቁት ሀገራት አንዷ ነች። እ.ኤ.አ. በ1958 የደረሰው ወረርሽኝ 167 ሺህ ቶን እህል እንዳወደመ ተመዝግቧል፤ ይህም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለአንድ ዓመት መቀለብ የሚችል ነበር። ከዚያ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በነሐሴ 1954 ዓ.ም፣ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅትን ያቋቋመው ስምምነት በአዲስ አበባ ተፈረመ። ቀኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያችው ከተማ የተመሠረተው ከዘጠኝ ወራት በኋላ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም ነበር። የቀጣናው ሀገራት ስለ አህጉራዊ አንድነት ከመፈራረማቸው በፊት ስለ አንበጣ ተፈራርመው ነበር ማለት ነው።

ዛሬ የዚህ ድርጅት አባላት ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ናቸው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ ነው። ሥራው በአንበጣ ብቻ አይወሰንም፤ የማሽላ ገበሬ የሚያማርርበትን የግሪሳ ወፍ፣ ተምችንና ቆላ ዝንብንም ይመለከታል። የግሪሳ ወፍ በየዓመቱ በቆላማ አካባቢዎች ሲከሰት በአውሮፕላን የሚደረገው ርጭት ከዚህ የጋራ ተቋም ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያውቅ አርሶ አደር ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ከቀጣናው በላይ ያለው ጣሪያ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ነው። በጥቅምት 1938 ዓ.ም የተመሠረተው ይህ ድርጅት መቀመጫው ሮም ሲሆን፣ ቀድሞ በለንደን ይሠራ የነበረውን የበረሃ አንበጣ መረጃ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1978 ተረክቦ እስከ ዛሬ ይመራል። በሥሩም ሦስት የአካባቢ ኮሚሽኖች አሉ። አንደኛው ደቡብ ምዕራብ እስያን ይይዛል። ሁለተኛው ኢትዮጵያን ጨምሮ በቀይ ባሕር ዙሪያና በመካከለኛው ምሥራቅ ያሉትን ሀገራት ያስተባብራል። ሦስተኛው የሰሜንና የምዕራብ አፍሪካ ነው።

ጠላት ሀገራት በአንድ ጠረጴዛ

ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1956 ዓ.ም በድንበር ተዋግተዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም ደግሞ በኦጋዴን ጉዳይ ከዚያ የከፋ ጦርነት አካሂደዋል። ሁለቱም ሀገራት የአንበጣው ድርጅት አባላት ነበሩ፤ ድርጅቱም አልፈረሰም። በሕንድና በፓኪስታን መካከል የሚታየውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሁለቱ ሀገራት በካሽሚር ምክንያት ደጋግመው ተዋግተዋል፤ ኤምባሲዎቻቸው ሰው ያባረሩበት፣ ድንበራቸው የተዘጋበት ጊዜም ብዙ ነው። ሆኖም ሁለቱም ከአፍጋኒስታንና ከኢራን ጋር እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው ኮሚሽን አባላት ናቸው። የአንበጣ ባለሙያዎቻቸው በራጃስታንና በሲንድ በረሃ ድንበር ላይ እየተገናኙ የአሰሳ ውጤታቸውን ሲለዋወጡ ለአሥርተ ዓመታት ቆይተዋል። ዲፕሎማቶቻቸው በማይነጋገሩበት ጊዜ እንኳ የእርሻ ሠራተኞቻቸው ይነጋገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መንጋው ሁለቱንም ሀገራት ሲወርር፣ የኮሮና ወረርሽኝ ድንበር ዘግቶ ስለነበር፣ የአራቱ ሀገራት ባለሙያዎች በየሳምንቱ በቪዲዮ ይሰበሰቡ ነበር።

ይህ የሚሆነው ባለሥልጣናቱ ስለሚዋደዱ አይደለም። ጉዳዩ ለፖለቲከኞች ዝቅ ያለና ክብር የማይነካ ሆኖ ስለሚታይ ነው። በድንበር ጥያቄ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያለ መሪ በሕዝቡ ፊት ተሸናፊ ተብሎ ይቆጠራል፤ የኩብኩባ ቁጥር ለጎረቤት ያሳወቀ ባለሙያን ግን ማንም ከሐዲ አይለውም። ድርጅቱ ይህን ጠባብ በር ክፍት አድርጎ ይይዘዋል።

ከጠባቡ በር ሰፊ ነገር የገባበት ጊዜም አለ። በ1977 ዓ.ም ከደረሰው ድርቅና ረሃብ በኋላ ስድስት ሀገራት፣ እነርሱም ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኡጋንዳ፣ ድርቅንና በረሃማነትን በጋራ የሚከላከል ባለሥልጣን ለማቋቋም በጥር 1978 ዓ.ም ጅቡቲ ላይ ተሰበሰቡ። በስብሰባው ላይ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ጄኔራል ዚያድ ባሬ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተገናኙ። የተጠሩት ስለ ድርቅ ነው፤ ያወሩት ግን ስለ ድርቅ ብቻ አልነበረም። ከዚያ የቀጠለው ንግግር ሁለት ዓመት ወስዶ በመጋቢት 1980 ዓ.ም ስምምነት ላይ ደረሰ። ጦራቸውን ከድንበር ሊያርቁ፣ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚዎች መርዳት ሊያቆም፣ የዲፕሎማሲ ግንኙነታቸውን ሊያድሱ ተስማሙ። ሁለቱም መንግሥታት በውስጥ ጦርነት ተዳክመው ስለነበር ለስምምነቱ የየራሳቸው ስሌት ነበራቸው፤ ድርጅቱ ብቻውን ሰላም አወረደ ማለት ግነት ይሆናል። መገናኛውን ቦታ ግን የሰጠው እርሱ ነው። ይኸው የድርቅ ተቋም በ1988 ዓ.ም ሥልጣኑ ሰፍቶ ዛሬ «ኢጋድ» የምንለው የምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት ሆነ።

ከቀበሌ እስከ ሮም የሚሄደው ወሬ

የአንበጣው ሥርዓት አሠራር በቀላሉ ሲገለጽ እንዲህ ነው። አርብቶ አደሩ ወይም አርሶ አደሩ ያየውን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይናገራል። ወረዳው አጣርቶ ለክልል ግብርና ቢሮ፣ ቢሮው ለግብርና ሚኒስቴር ያሳውቃል። የአሰሳ ቡድኖችም በየበረሃው እየዞሩ የአንበጣውን ብዛትና ዕድሜ፣ የአፈሩን እርጥበትና የሣሩን ሁኔታ በእጅ መሣሪያ ይመዘግባሉ፤ መረጃው በሳተላይት ይተላለፋል። ሮም ያለው አገልግሎት ይህን ከሌሎች ሀገራት ከደረሰው፣ ከዝናብና ከነፋስ ትንበያ ጋር አገናኝቶ መንጋው በሚቀጥሉት ሳምንታት የት ሊያርፍ እንደሚችል ይገምታል። በቀጣናችንም ናይሮቢ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል ይህን ግምት ያጠናክራል። ውጤቱ በየወሩ፣ በወረርሽኝ ጊዜም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፣ ለሁሉም ሀገራት ይሰራጫል። የስጋቱ መጠን በቀለም ይለያል። አረንጓዴ መረጋጋትን፣ ቢጫ ጥንቃቄን፣ ብርቱካናማ ስጋትን፣ ቀይ አደጋን ያመለክታል።

ሰንሰለቱ ጠንካራ የሚሆነው ግን ሁሉም ሲናገር ነው። አንድ ሀገር በጦርነት፣ በቸልታ ወይም ገበናዬ ይገለጣል በሚል ፍርሃት ዝም ካለ ካርታው ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ባዶው ቦታ ደግሞ «አንበጣ የለም» ማለት አይደለም። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ የደረሰው ይህ ነው። ሩብ አል ኻሊ ሰው ስለማይደርስበት አልታሰሰም። የመን ደግሞ በጦርነት ላይ ስለነበረች ቀድሞ ጥሩ ስም የነበረው የአንበጣ መከላከል ሥራዋ ተዳክሞ ነበር፤ መንጋው እንደልቡ ተራባባት። በ2011 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻግሮ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ገባ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም ኬንያ ደረሰ። ለኬንያ በ70 ዓመት፣ ለኢትዮጵያና ለሶማሊያ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ወረራ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ የታየ አንድ መንጋ ብቻ 60 ኪሎ ሜትር በ40 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን እንደነበር ተመዝግቧል።

ፋኦ በጥር 2012 ዓ.ም የጠየቀው ገንዘብ 76 ሚሊዮን ዶላር ነበር። መንጋው በየሳምንቱ ሲበዛ ጥያቄውም እያደገ ሄዶ በወራት ውስጥ ከእጥፍ አለፈ። የዓለም ባንክ በግንቦት 2012 ዓ.ም 500 ሚሊዮን ዶላር ለአንበጣ መከላከልና ለተጎጂዎች ማቋቋሚያ አጸደቀ፤ በመጀመሪያው ዙር ለኢትዮጵያ፣ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለጅቡቲ 160 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ተከራይቶ፣ ኬሚካል ተገዝቶ፣ ባለሙያ ሠልጥኖ ሥራው ሲቀናጅ ውጤት መጣ። በፋኦ ስሌት፣ በምሥራቅ አፍሪካና በየመን ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ላይ በተካሄደው ቁጥጥር ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ እህል ከጥፋት ድኗል። ወረርሽኙ በ2014 ዓ.ም አጋማሽ ገደማ በረደ።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ሰብሉን ላጣው የቆቦ አርሶ አደር የሚያጽናኑ አይደሉም። ለእርሱ ዋናው ጥያቄ ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ሲሰማ ርጭቱ ለምን ዘገየ የሚለው ነው። መልሱ ከአንድ በላይ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ የኬሚካልና የመሣሪያ ጭነትን አጓተተ። የጋራው የአንበጣ ድርጅት አውሮፕላኖች ቁጥራቸው ጥቂትና ያረጁ ነበሩ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ አሰሳና ርጭት የሚሹ ሰፋፊ አካባቢዎችን ዘጋ። በሶማሊያም በታጣቂዎች እጅ ያሉ አካባቢዎች ለባለሙያዎች ክፍት አልነበሩም።

ከሁሉም በስተጀርባ ያለው ግን የመዋጮ ጉዳይ ነው። በየዓመቱ መከፈል ያለበት የአባልነት መዋጮ በብዙ ሀገራት ለዓመታት ሲወዘፍ ቆይቷል። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። አንበጣ በሌለበት ዓመት የአንበጣ ድርጅት በበጀት ሠንጠረዥ ላይ ትርፍ ወጪ ይመስላል። መንጋው ሲመጣ ደግሞ መዋጮ ሰብስቦ አውሮፕላን ለመጠገን ጊዜ የለም። ቤቱ ሲቃጠል ጉድጓድ መቆፈር እንደማለት ነው።

የምዕራብ አፍሪካ ታሪክ የዚህን ሒሳብ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ በሞሪታኒያ፣ በማሊና በኒጀር ምልክቶች ሲታዩ ማስጠንቀቂያ ተነግሮ ነበር፤ ገንዘቡ ግን በጊዜ አልደረሰም። ወረርሽኙ እስከ 2005 ዘልቆ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ጎዳ፤ ለመቆጣጠር የወጣው ወጪም ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። ፋኦ በኋላ ባሰላው መሠረት ያ ገንዘብ ለ170 ዓመት የቅድመ መከላከል ሥራ ይበቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምዕራቡ ኮሚሽን አባል ሀገራት አሳሽ ቡድኖችን በቋሚነት ማሰማራት ላይ ትኩረት አድርገዋል።

ድርጅቶች ሀገራትን ሲያስተሳስሩ ሁሉንም በእኩል ገመድ አያስሩም፤ ይህም መነገር ይኖርበታል። በአንበጣ የሚጎዱት ሀገራት ብዙዎቹ ድሆች ናቸው፤ አደጋ ሲመጣ ገንዘቡን የሚሰጡት ደግሞ አንበጣ የማይደርስባቸው ባለጸጋ ሀገራት ናቸው። ስለዚህ መቼ፣ ለማንና ለምን ያህል ጊዜ እርዳታ እንደሚሰጥ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ከቀጣናው ውጭ ያለ ነው። የቀጣናው ሀገራት መዋጯቸውን በከፈሉ ቁጥር የውሳኔው ሥልጣን ወደ አዲስ አበባና ናይሮቢ ይቀርባል፤ ባልከፈሉ ቁጥር ወደ ለጋሾች መዲናዎች ይርቃል። ስለ ሉዓላዊነት ብዙ የሚናገሩ መንግሥታት ይህን ትንሽ የበጀት መስመር ሲዘነጉት ማየት ያስገርማል።

የጋራ ደንብ ማውጣትም ከድርጅቶች ሥራ አንዱ ነው ተብሏል። በአንበጣ ጉዳይ ይህ የሚታየው በኬሚካል አጠቃቀም ላይ ነው። ፋኦ ገለልተኛ ባለሙያዎችን አሰባስቦ የትኛው ኬሚካል በሄክታር ምን ያህል ቢረጭ አንበጣውን እንደሚገድል፣ ለሰው፣ ለከብት፣ ለዓሣና ለንብ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያስመረምራል፤ ሀገራት ግዢያቸውን በዚያ ላይ ይመሠርታሉ። በወረራው ወቅት ሶማሊያ በዋናነት የተጠቀመችው በኬሚካል ሳይሆን ሜታራይዚየም በተባለ፣ አንበጣን በሚያጠቃ የፈንገስ ዝግጅት ነበር። ይህ ዝግጅት ቀስ ብሎ ስለሚገድል ሰብል ላይ ላረፈ መንጋ ብዙም አይሆንም፤ ክንፍ ላላወጣ ኩብኩባ ግን ይሠራል፤ ንብንና እንስሳትንም አይጎዳም። ማር ዋና የገቢ ምንጭ ለሆነባቸው የአማራ ክልል አካባቢዎች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ኬሚካል በሚረጭበት ጊዜ ቀፎን መሸፈን ወይም ማራቅ፣ ከብትን ከተረጨ ግጦሽ ማቆየት፣ የተረጨበትን አንበጣ ለሰውም ለዶሮም አለመመገብ ከየሀገሩ ልምድ ተሰብስበው የጋራ ምክር የሆኑ ጥንቃቄዎች ናቸው።

መንጋው ጠፋ ማለት አንበጣው ጠፋ ማለት አይደለም። በቀይ ባሕር ሁለቱም ዳርቻዎች፣ በሱዳን፣ በኤርትራ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ጠረፎች ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ዝናብ ሲጥል ይራባል። በክረምት ደግሞ በሱዳን ውስጠኛ ክፍልና በየመን ይራባል። በምሥራቅ ኢትዮጵያና በሰሜን ሶማሊያም የበልግ ዝናብን ተከትሎ የመራባት ዕድል አለው። የአፋርና የሶማሌ ክልል አርብቶ አደሮች፣ ከእነርሱም ቀጥሎ የወሎና የሰሜን ሸዋ ቆላማ ወረዳዎች ነዋሪዎች ይህን የዝናብ ካርታ ከማንም በፊት በእግራቸው የሚያዩት ናቸው።

ለቀበሌ ባለሙያ የሚሰጠው ጥቆማ ጠቃሚ የሚሆነው አራት ነገር ሲይዝ ነው። የታየበት ቦታና ቀን፣ የሸፈነው ስፋት በግምት፣ የመጣበትና የሄደበት አቅጣጫ፣ መልኩ። ሐምራዊ ወይም ሮዝማ ቀለም ያለው መንጋ ገና ለመራባት ያልደረሰ ሲሆን ብዙ ይበራል፤ ብዙ ይበላል። ቢጫ ከሆነ ግን እንቁላል ለመጣል ደርሷል፤ ያረፈበት እርጥብና ልል አፈር ምልክት ሊደረግበት ይገባል። ከእንቁላሉ እንደ ሙቀቱ መጠን ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ኩብኩባው ይወጣል፤ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ደግሞ ከአንድ ወር በላይ ይወስድበታል። በእግሩ የሚሄደውን ኩብኩባ በመሬት ላይ ርጭት መቆጣጠር የሚቻለው በዚህ አንድ ወር ውስጥ ነው።